የማንቆርቆሪያው አንገት

ነገሩ የሆነው ጋምቤላ ክልል ከተባለች ከጥቂት ዓመታት በኋላ ነው። ይህን ያህል ጊዜ ቆይቶም ያረጀ ማንቆርቆሪያ ባየሁ ቁጥር ቀኝ እጄ ቅዝቅዝ ይልብኛል።

ያኔ የምተዳደረው ያረጀ የቤት ዕቃ እየገዛሁ ጌጥ በመሥራት ነበር። ከተቀደደ ትሪ ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ወፍ፣ ከድስት ክዳን ዓሣ እሠራለሁ። አዲስ የተከፈቱት ቢሮዎች ሠራተኞች ይገዙኛል። ከሁሉ የሚወደድልኝ ግን አምባሬ ነበር። የወፍራም አሉሚኒየም ማንቆርቆሪያ አንገት በሴጌቶ፣ በብረት መጋዝ፣ ቆርጬ፣ በሞረድ አለስልሼ፣ መጋጠሚያ የሌለው ድፍን አምባር አወጣለሁ። በሳሙና ካልሆነ እጅ አይገባም። አንዱን ገዢ እንዲያይልኝ ብዬ በቀኝ እጄ አጥልቄው እውል ነበር። እንዴት እንደምኮራበት አትጠይቁኝ።

ኒውላንድ ሰፈር ያሉ ጎረቤቶቼ የመዶሻዬ ጩኸት ስላስመረራቸው የምሠራው ባሮ ወንዝ ዳር፣ ማንጎ ጥላ ስር ነበር። የዚያን ቀን ቀትር ላይ ሙቀቱ ሰውን ሁሉ ቤቱ አስገብቶታል። ጓሮ ተጥሎ የከረመ ማንቆርቆሪያ ጭኔ ላይ አድርጌ መቁረጥ ስጀምር፣ ከመቅጃው ተርብ ግር ብሎ ወጣና መጋዝ የያዘው እጄ ላይ ሰፍሮ ነደፈኝ። ሁሉንም ጥዬ ወንዙ ውስጥ ገባሁ። አዞ መኖሩ እንኳ ትዝ አላለኝም።

ስወጣ እጄ ማበጥ ጀምሯል። አምባሩን ብጎትተው አልነቃነቅ አለ። ሳሙና አልያዝኩም። ጣቶቼ ጠቆሩ፣ ቀጥሎም ደነዘዙ። በግራ እጄ ልቁረጠው ብል ሴጌቶው ተንሸራቶ ክንዴን ጫረኝ። ሆስፒታል ልሂድ ብዬ ስነሳ ዓይኔ ጨለመብኝና ተመልሼ ቁጭ አልኩ። እጄ ሊቆረጥ ነው ብዬ ጮኽኩ። ልጆቼን የማሳድገው በዚያ እጅ ነበር።

ከታች መረብ ይጠግኑ የነበሩ አንድ ሽማግሌ አኙዋ ዓሣ አጥማጅ ጩኸቴን ሰምተው መጡ። ተያይተን አናውቅም።

«አባቴ፣ ይሄን ይቁረጡልኝ» ብዬ ሴጌቶውን ዘረጋሁላቸው።

«እኔ እንዳንቺ ብረት አላውቅም። ዓሣ ነው የማውቀው።»

«አሳይዎታለሁ። ወደ ፊት ሲገፉ ይጫኑት፣ ሲመልሱ ይልቀቁት።»

እጄን ድንጋይ ላይ አስተኝተው እንደ አምባዛ ዓሣ በጉልበታቸው ያዙት። ብረቱ ሲግል ውሃ እያፈሰሱ ትንሽ እንደ ቆረጡ መጋዙ ያበጠ ቆዳዬን ነክቶ ደም ወጣ። ደሜን ሲያዩ መጋዙን አስቀመጡ። ብድግ ብለው ወደ ታንኳቸው ሄዱ።

ፈርተው ጥለውኝ ሄዱ አልኩ። በሕይወቴ እንደዚያ ፈርቼ አላውቅም።

ሲመለሱ የዓሣ ቅርፊት የሚፍቁባትን አሮጌ ማንኪያ ይዘዋል። እጀታዋ ተቀጥቅጦ ስስ ሆኗል። የዓሣ ስብ ቀብተው በቆዳዬና በአምባሩ መካከል ቀስ እያሉ አስገቧት።

«አሁን መጋዝ እሷን ይበላል። አንቺን አይበላም» አሉኝ።

ዓይኔን ጨፈንኩ። በመጨረሻ ቋ ሲል ሰማሁ። ጫፍና ጫፉን በፒንሳ ሲፈለቅቁት ደሙ ወደ ጣቶቼ ተመለሰ፤ ሕመሙ እንደ ሕፃን አስለቀሰኝ። ከዚያ ደግፈው ሆስፒታል አደረሱኝ።

እጄ ሲድን እጀታዋ ላይ ዓሣ የቀረጽኩባት አዲስ ማንኪያ ወሰድኩላቸው። ገልበጥ ገልበጥ አድርገው አዩዋት።

«ይቺ ለልጄ ትሁን» አሉ። «ለእኔ ያቺ ትበቃለች። እጅሽን ታውቃለች።»

ከዚያ ወዲህ የምሠራው አምባር ሁሉ አፉ ክፍት ነው። ማንቆርቆሪያም ከመቁረጤ በፊት በእንጨት መታ መታ አድርጌ ራቅ ብዬ እጠብቃለሁ። ተርቡንስ ረስቼዋለሁ። እስከ ዛሬ ከእንቅልፌ የሚያባንነኝ እኚያ ሽማግሌ ጀርባቸውን ሰጥተውኝ ወደ ታንኳው ሲሄዱ ማየቴ ነው። በሕልሜ አይመለሱም። ባንኜ ስነቃ በጨለማ ቀኝ እጄን እዳብሳለሁ፤ ጠባሳዋን ሳገኛት ተመስገን ብዬ እተኛለሁ።