የሳሙና ሐዲድ

እግራችሁን ለመዘርጋት የሌላ ሰው ፈቃድ አስፈልጓችሁ ያውቃል? እኔን አጋጥሞኛል።

የተያዝኩት ጀሞ ከምኖርበት ኮንዶሚኒየም ነው። ለትምህርት ቤታችን የሳይንስ ክበብ የአሻንጉሊት ባቡር መስመር በጣውላ ላይ እየሠራሁ ነበር። ሊይዙኝ ከመጡት ሰዎች አንዱ በመምህራን ስብሰባ ላይ ስለተናገርኩት ሲጠይቀኝ፣ ሌላው ሳያየው የካርቶን ኮረብታዬን ረገጠው።

የገባሁበት የእስር ክፍል ወለል ሲሚንቶ ነው፤ በሰው ተሞልቶ እርጥብ ብርድ ልብስና ሽንት ይሸታል። ደንቡን ካቦው፣ የእስረኞቹ አለቃ፣ ነገረኝ። አዲስ ገቢ ከሽንት ባልዲው አጠገብ፣ በር ሥር ይተኛል። ሰው ሲወጣ ከጎኑ ያለው ቦታውን ይወስዳል።

ከጎኔ በለቡ መስመር የሚሠራ የሚኒባስ ሾፌር ነበር። የተያዘው ሚስቱ ልትወልድ ስትል ነው፤ ከዚያ ወዲህ ምንም አልሰማም። መብላት ትቶ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሯል። ከንፈሩ ተሰነጣጥቋል።

«ይሄ ሰው ሊሞትብን ነው» አለኝ ካቦው። «አስተማሪ አይደለህ? አናግረው እንጂ።»

ማስረዳት እንጂ ማጽናናት አላውቅበትም። ከብርድ ልብሱ ክር መዘዝኩ። አንዱን ጫፍ ወለሉ ላይ በጣቴ ተጭኜ፣ በሌላው ጫፍ ባሰርኩት ሳሙና የባቡር ሐዲድ ኩርባ ማዞር ጀመርኩ። ማንም ሳይጠይቀኝ አስረዳሁ፦ ቀጥታውን መስመር ካስቀደምን ለኩርባው ቦታ ይጠፋል፤ ስለዚህ ከኩርባው ይጀመራል። ሌሎቹ ተጠጉ። የብርቱካን ልጣጭ ዛፍ ሆነ፤ የታጠፈ የሲጋራ ፓኮ የጀሞ ኮንዶሚኒየም። የቤት ዕጣ ወጥቶለት የማያውቀው ካቦ ሦስተኛ ፎቅ ላይ እንድመድበው ጠየቀኝ።

ኩርባው ሾፌሩ ጉልበት ላይ ደረሰ።

«ወንድሜ፣ እግርህን ሰብሰብ ታደርግልኛለህ?»

ሳይዞር፣ «ጠበብ አድርገህ አዙረው» አለኝ።

«ከጠበበ ባቡሩ ይወድቃል።»

ያኔ ዞረ። መስመሩን ለረጅም ጊዜ አየውና እግሩን ሰበሰበ። በለቡ ያልፍ እንደሆነ ጠየቀኝ። አዎ አልኩት። ያልነካውን ዳቦ አንስቶ ቆረሰ፤ ቁራሹን ከኩርባው ዳር አስቀመጠ።

«ቤቴ እዚህ ጋ ነው» አለ። የቀረውን በላ።

በማግስቱ ጠዋት ጠባቂው በሩን ከፍቶ ሾፌሩን ዕቃውን ይዞ እንዲወጣ አዘዘው። ወዴት እንደሚሄድ ስንጠይቅ ጠባቂው ሾፌሩን «ቶሎ በል» አለው። ሾፌሩ ዳቦዋን እንዳይረግጥ እግሩን አንስቶ ተሻገራትና ወጣ።

ካቦው ተራዬ መሆኑን አስታውሶ ወደ ሾፌሩ ቦታ እንድገባ ነገረኝ። ከባልዲው መራቅ እንዴት እንደምመኝ ያውቃል።

«ኩርባው ያልፍበታል» አልኩ።

ይቆጣል ብዬ ጠበቅሁ። ወለሉን አየና ሌሎቹን «በሉ፣ ጠጋ ጠጋ በሉ» አላቸው። ያን ሌሊት ተጣብቀን በጎናችን ተኛን፤ የሾፌሩ ቦታ ባዶውን አደረ።

ከተፈታሁ በኋላ ለቡ ታክሲ ተራ ሄጄ ደጋግሜ ጠይቄያለሁ። የሚያውቀው አላገኘሁም። ስለ ቤቱ የማውቀው ዳቦዋ የተቀመጠችበትን ቦታ ብቻ ነው። ዛሬም ተማሪዎቼን ከኩርባው ጀምሩ እላቸዋለሁ።

እስቲ እናንተም ሞክሩት። ክርና ሳሙና ይዛችሁ በክፍላችሁ ወለል ላይ ሰፊ ኩርባ አዙሩ። ቦታ ከጠበባችሁ አጠገባችሁ ያለውን ሰው ለምኑት። እግሩን ከሰበሰበላችሁ ደግሞ ቤቱ በትክክል የት እንደሆነ ጠይቁት።