ሰባተኛው አልጋ

ባለፈው ሳምንት ለንደን በሙቀት ስትቃጠል፣ በተማሪዎች ማደሪያ ክፍሌ ውስጥ አንሶላዬን ቀዝቃዛ ውኃ ነክሬ፣ ጨምቄ ለበስኩት። የእርጥብ ጥጥ ሽታ አፍንጫዬን ሲነካኝ አንድ የልጅነቴ በጋ ከነድምፁ ተመለሰ።

ዘዴውን ያስተማረችኝ እናቴ ናት። የተወለደችው በቀይ ባሕር ዳርቻ፣ በጨው ማምረቻ ዙሪያ በተሠራች ትንሽ ሰፈር ነው። እዚያ በሙቀቱ ምክንያት ቤት ውስጥ መተኛት አይታሰብም። ሁሉም የሽቦ አልጋውን መንገድ ላይ አውጥቶ፣ እርጥብ አንሶላ ለብሶ፣ በተርታ ይተኛ ነበር። የሰው ተራ መያዝ ነውር ነው። ጦርነት መጥቶ ሰዉ አንድ ጠዋት በጭነት መኪና ሲሸሽ፣ አልጋዎቹ መንገዱ ላይ እንደተዘረጉ ቀሩ። ከዚያ ወዲህ የተመለሰ የለም።

በዚያ በጋ፣ እዚሁ ለንደን ዋይት ሲቲ በሚባል ሰፈር በነበረው ፍላታችን፣ የእናቴ የሰፈር ሰው የሆኑ አንድ ሽማግሌ እሑድ እሑድ ከቸርች መልስ ይመጡ ነበር። ሁለቱ አልጋዎቹን ከነባለቤቶቻቸው በተራ ይጠራሉ፤ እኔ በደብተሬ እጽፋለሁ። ሰባተኛው ላይ ሲደርሱ ግን ጠብ ነው።

«የመምህሩ ነው» ትላለች እናቴ።

«የመካኒኩ ነው እንጂ! እያንኮራፋ መች አስተኛኝ!»

«የራስዎን ማንኮራፋት ሰምተው ይሆናል፣ ጋሼ!»

እኔ ደብተሬ ንጹሕ እንዲሆን ስለምፈልግ ክርክሩ እንዲያልቅ እጸልይ ነበር። ሰባተኛውን መስመር በእርሳስ እየጻፍኩ በላጲስ ስለማጠፋው ወረቀቱ ሳስቶ ነበር።

በጋው ሊያልቅ ሲል ሽማግሌው በጣም ከስተው መጡ። በዚያ ሙቀት ኮታቸውን ሳያወልቁ ተቀመጡ። ሰባተኛው ላይ ስንደርስ፣ «እሺ ልጄ፣ የመምህሩ ይሁን» አሉ።

እኔ ደስ ብሎኝ እስክሪብቶ አነሣሁ። እናቴ ግን እጄን ያዘችው።

«ምን ሆነዋል ጋሼ? ይከራከሩኝ እንጂ!»

እሳቸው ፈገግ ብለው ወደ መስኮቱ ዞሩ። ሌላ እሑድ አልመጡም፤ በወሩ ቀበርናቸው።

ባለፈው ሳምንት፣ አንሶላው ሳይደርቅ፣ ለእናቴ ደወልኩላት።

«እማ፣ ሰባተኛው የማን ነበር?»

«የመካኒኩ ነዋ» አለች።

ደብተሩን ከመሳቢያዬ አወጣሁት። ሰባተኛው መስመር አሁንም ባዶ ነው።

«ኧረ የመምህሩ ነው!» አልኳት።

ሳቀች፤ ሳቋ ግን መሀል ላይ ተቆረጠ። ከዚያ ከመጀመሪያው አልጋ አንሥታ በተራ መጥራት ጀመረች።