እትዬ ፒፒኢ

ባለቤቴ በሚሠራበት የብረታ ብረት ድርጅት ውስጥ የዕቃ ግምጃ ቤቱን የያዙትን ሴት፣ ሠራተኛው በሙሉ «እትዬ ፒፒኢ» ይላቸዋል። ጠዋት በር ላይ ቆመው ከሰላምታ በፊት «ፒፒኢህስ?» ስለሚሉ ነው። ፒፒኢ የፈረንጅ ምህጻረ ቃል ነው፤ ሠራተኛ ራሱን ከአደጋ የሚጠብቅበትን ትጥቅ ሁሉ ይጠቀልላል። እትዬ ቀድሞ ሆስፒታል ልብስ ያጥቡ ነበር። እዚያ ፒፒኢ ሲባል ጋውን፣ ጓንትና ማስክ ነው፤ እዚህ ሄልሜት፣ ወፍራም ጫማና የሥራ መነጽር ሆነ።

«ሥራው ይለያይ እንጂ ገላው ያው ገላ ነው» ይላሉ።

የኔው ጉድ ግን በግራይንደር ብረት ሲቆርጥ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ይሰቅለዋል። ፎርማኑ ብቅ ሲል ያወርደዋል፣ ዞር ሲል ይመልሰዋል። ግራ ዓይኑ ከልጅነቱ ጀምሮ አያይም። ቀኟ ከጠፋች ሥራውም ኑሯችንም አበቃ ማለት ነው። ለፍልፌ ለፍልፌ ምላሴ ደረቀ፤ እሱ ጆሮ ዳባ ልበስ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም አሉ!

አንድ ጠዋት እትዬ ሳይቆጡ ጠየቁት።

«ልጄ፣ ለምንድን ነው የማታደርገው?»

«በላቤና በትንፋሼ ይጋረዳል እትዬ። ያለችኝን አንድ ዓይን ጋርጄ እንዴት ልቁረጥ?»

ለካ እስከዚያ ቀን ሁሉም ይጮህበታል እንጂ የጠየቀው የለም። እትዬ መነጽሩን ተቀብለው ውስጡን በጠብታ ፈሳሽ ሳሙና አሹት፤ በለስላሳ ጨርቅም ወለወሉት።

«ሆስፒታል ነርሶቹ እንዲህ ሲያደርጉ አይቻለሁ። በል፣ አድርገህ ተንፍስበት።»

አልተጋረደም። ከዚያ ወዲህ በየጠዋቱ ወልውለው ይሰጡት ጀመር፤ እሱም ማውለቁን ተወ።

ባለፈው ሳምንት የግራይንደሩ ዲስክ ተሰብሮ ተፈናጠረ። ቁራጩ የመነጽሩን መስታወት ሰነጠቀው፣ ያውም በደህናዋ ዓይኑ በኩል። ቅንድቡ ተጫረ፣ ዓይኑ ተረፈ።

ስሰማ እየሮጥኩ ግምጃ ቤቱ ሄድኩና እትዬ እግር ላይ ልወድቅ ስል ትከሻዬን ያዙኝ። አንገታቸው ሥር ገብቼ አለቀስኩ። እሳቸውም አብረውኝ አለቀሱ። አሁንም ሳስባቸው ልቤ ይሞላል፤ ዕድሜ ይስጥልኝ።

የዚያን ዕለት ማታ ባለቤቴ ቅንድቡ ላይ ፕላስተር ለጥፎ አተኩሮ ያየኛል። ቁንጅናዬን አንድ ቀን አንስቶ የማያውቅ ሰው ነው።

«ምነው?» አልኩት።

«ቀሚስሽ ያምራል። አዲስ ነው?»

ክርኑ ላይ የተጣፈ፣ ስንት ዘመን የለበስኩት ቀሚስ ነው።

«አዎ፣ አዲስ ነው» አልኩት።