ከጉብታው ጀርባ የቆመው መኪና

ይህን የምጽፈውን ነገር እስከ ትናንት በስቲያ ድረስ አንድም ሰው ከአፌ አልሰማውም። ለንስሐ አባቴ እንኳ አልነገርኳቸውም። እሳቸው ፊት ተንበርክኬ በጾም ቀን ወተት መቅመሴን፣ ጎረቤት ማማቴን፣ ሚስቴን በነገር መጎንተሌን እዘረዝርና፣ ይቺ አንዷ ላይ ስደርስ ጉሮሮዬን ጠርጌ አልፋታለሁ። እግዚአብሔር የጉሮሮ መጥረግን ትርጉም የማያውቅ ይመስል! እናንተ ስለማታውቁኝ ለእናንተ መናገር ይቀለኛል ብዬ ነበር። አልቀለለኝም።

ሰቆጣ ውስጥ ለብዙ ዘመን እንግሊዝኛ አስተምሬ ጡረታ ስወጣ ወፍ አስጎብኚ ሆንኩ። ስለ ወፍ የማውቀው የዶሮን ፈረሰኛ ብቻ ነበር። ከአዲስ አበባ እንግዶች የሚልክ አንድ ድርጅት እንግሊዝኛ የሚናገርና ወፎቹን የሚያውቅ ሰው ሲፈልግ፣ ሁለቱንም እችላለሁ አልኩ። በአንደኛው አልዋሸሁም። እንግዶቹ ወደ ቁጥቋጦ እየጠቆሙ «ይቺ በአገራችሁ ማን ትባላለች?» ሲሉኝ፣ የማላውቃትን ሁሉ በዘመዶቼ ስም እጠራላቸዋለሁ። አንዲት ጭራዋን የምታወዛውዝ ለፍላፊ ወፍ እስከ ዛሬ ባሕር ማዶ በአማቴ ስም ትጠራ ይሆናል።

ጉዟችን ጭስ የሌለው ጉዞ ይባል ነበር። መኪና የለ፣ ጄኔሬተር የለ፣ የፕላስቲክ ውሃ የለ። እንግዶቹ ሰቆጣ ድረስ እንደማንኛውም ሰው በአውቶቡስ ይመጣሉ፤ ከዚያ በኋላ በእግር ነው፤ የእኛኑ አገር የዝቋላ ወረዳን ተራራ ጫፍ ጫፉን ይዘን የተከዜ ቆላ ቁልቁል እስከሚታይበት ገደል ድረስ። ጓዙ በአህያ። አየሩን ላለማበላሸት፣ ምድርን ላለማሞቅ ነው ይላሉ። እኔም በየሰፈሩ ስናርፍ ቆሜ «የእኛ ቤንዚን እግራችን ነው!» እላለሁ፤ ያጨበጭቡልኛል። ጭብጨባ ደግሞ ስወድ!

እውነቱ ሌላ ነበር። አህያ ይዘገያል፣ ባለ አህያው ይኮራል፤ አንድ ጊዜ ጓዙ ሳይደርስ ቀርቶ እንግዶች ባዶ መሬት ላይ ተኝተውብኛል። ከዚያ በኋላ የእህቴን ልጅ ሙላውን ጠራሁት። አሮጌ ፒካፕ ነበረው። እኛ በእግር ስንወጣ እሱ በመኪና መንገዱ ዞሮ ይቀድመናል፤ ፍራሹን፣ ምግቡን፣ ድንኳኑን ያራግፍና መኪናውን ከጉብታ ጀርባ ይደብቃል። እኔ ደግሞ ከእንግዶቹ ቀድሜ እሮጥና ከመንገድ የለቀምኩትን የአህያ ፋንድያ በጓዙ ዙሪያ እበትናለሁ። አዎ፣ እኔ፤ መምህሩ። አንድ እንግዳ ተንበርክኮ ፋንድያውን ፎቶ ሲያነሳ ሳቄን ለማፈን ፊቴን ወደ ገደሉ አዞርኩ።

ይህን የምናውቅ እኔና ሙላው ብቻ ነበርን። ኪሮስ አያውቅም። ኪሮስ ባለ ሦስት እግሩን ትልቅ የወፍ ማያ መነጽር የሚሸከምልኝ የዝቋላ ሰው ነው፤ ያኔ ገና ሚስት ያገባ ጎረምሳ። ሲዋሽ ስለሚንተባተብ ከምሥጢሩ አገለልኩት። «መምህር፣ እነዚህ አህዮች ክንፍ አላቸው እንዴ? አንድ ቀን እንኳ አላየኋቸውም!» ይለኝ ነበር። «ከአንተ የሚፈጥን ሁሉ ክንፍ ያለው ይመስልሃል» ብዬ አፌዝበታለሁ።

ከጦርነቱ በፊት በነበሩት ዓመታት በአንዱ፣ አጥንት ከሰማይ ጥሎ የሚሰብረውን ትልቁን አሞራ ሊያዩ ሦስት እንግዶች መጡ፤ ሁለት ወንዶችና አንዲት መሪያቸው የሆነች ሴት። ጠዋት ከሰፈራችን ተነስተን ብዙም አልራቅንም፤ ሙላው ጓዙን ጭኖ እንድንርቅለት ከጉብታው ጀርባ ይጠብቃል። ኪሮስ መነጽሩን ሊተክል ከድንጋይ ካቡ ሥር ጎንበስ አለ። ጮኸ። እባቡን እኔም አየሁት፤ ወደ ካቡ ውስጥ ሲገባ ጭራውን።

እግሩ ዓይናችን እያየ አበጠ። ሴትዮዋ ሻርፗን ቀድዳ ልታስር ጀምራ ተወችው። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ በግልጽ እንግሊዝኛ፣ እኔ ዕድሜ ልኬን ባስተማርኩት ቋንቋ፣ «ደንቡን እርሳው! መኪና ከየት እናገኛለን?» አለችኝ።

እስቲ እዚህ ላይ ቁሙ። እኔም በየቀኑ እዚህ ላይ እቆማለሁ። ደንቡን ያወጡት ራሳቸው ደንቡን ሽረውታል። መኪናው ድንጋይ ብወረውር በሚደርስበት ቦታ፣ ከጉብታው ጀርባ ነው። የእነሱን ፍራሽ፣ የእነሱን ድንኳን ጭኖ። ልጠራው አፌን ከፈትኩ፤ ግን የታየኝ የኪሮስ እግር አልነበረም። የታየኝ ፍራሹ ነው። ፋንድያው ነው። «ሽማግሌው ሌባ» ሲሉኝ ታየኝ። መኪናው ነበረ። እኔ «በዚህ አካባቢ መኪና የለም» አልኩ።

ከቁጥቋጦ በቆረጥነው እንጨትና ከለበስኩት ጋቢ ቃሬዛ ሠራን። አራታችን በአራት ማዕዘን ይዘን ወደ ጽጽቃ ጤና ጣቢያ የሚወስደውን የእግር መንገድ ጀመርን። በልቤ፣ ያቺ ግራር ጋ ስንደርስ እናገራለሁ አልኩ። ግራሯ አለፈች። እሺ፣ ከወንዙ ማዶ። ወንዙም አለፈ። በራቅን ቁጥር ለምን ቀደም ብዬ እንዳልተናገርኩ ደግሞ ማስረዳት ሊኖርብኝ ሆነ፤ ፍርሃቴ በላዩ ላይ ሌላ ፍርሃት እየወለደ ሄደ። ፍርሃት እንዲህ እንደሚራባ አስተማሪ ሆኜ ሳላውቅ እንዴት ኖርኩ? የፈለግነው አሞራ ከበላያችን መጥቶ ይዞር ጀመር። መነጽር ያነሳ የለም።

ያኔ ከኋላችን፣ ከጉብታው በኩል፣ ክላክስ ተሰማ። ሙላው ፍየሎች መንገድ ሲዘጉበት የሚነፋት ክላክስ ናት። ነፋሱ ቆራረጣት። ሌሎቹ ተሸካሚዎች እያለከለኩ ስለነበር አልሰሙም። እኔ ሰማሁ፤ ስለማውቃት። ኪሮስም ሰማ፤ ጋደም ስላለ።

«መምህር፣ መኪና!» አለ ቀና ሊል እየታገለ። «ክላክስ ሰማሁ። በእመቤቴ፣ ክላክስ ነው!»

ወደ ጆሮው ጎንበስ አልኩ። «መኪና የለም፣ ልጄ። መርዙ ነው። መርዙ ራስህ ላይ ሲወጣ ጆሮህ ውስጥ ይጮኻል» አልኩት።

ይህን ያልኩት እኔ ነኝ። ሰይጣን አሳስቶኝ አይደለም፤ ሰይጣን ያን ያህል ፈጣን አይመስለኝም። የኪሮስ ፊት ሲለወጥ አየሁ። እየሞተ እንደሆነ አመነኝ። እጄን ጨምድዶ ይዞ «ለሚስቴ ለትበርህ ንገሩልኝ» እያለ፣ ቀሪውን በእናቱ ቋንቋ በኽምጣንጋ እያንሾካሾከ ማልቀስ ጀመረ። ሴትዮዋ «ምን እያለ ነው?» አለችኝ። «እየጸለየ ነው» ብዬ ተረጎምኩላት። ያ ከተረጎምኩት ሁሉ የመጨረሻው ውሸቴ ቢሆን ምን ነበረበት!

ጽጽቃ የደረስነው ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ነው። ራሱን ስቶ ነበር፤ ከዚያ ወደ ሰቆጣ በአምቡላንስ ሲወሰድም አያውቅም። ነፍሱ ተረፈች፤ እግሩን ግን ከጉልበቱ በታች ቆረጡት። ሐኪሙ ቀስ ብሎ «ትንሽ ቀደም ብላችሁ ብትደርሱ ኖሮ» አለ። አልጨረሰውም። እኔ ነኝ እስከ ዛሬ የምጨርሰው። ሙላው ለምን እንዳልጠራሁት ሲጠይቀኝ ገሰጽኩት፣ እንዳይናገር አስማልኩት፤ ብዙ ሳይቆይ አገር ለቆ ሄደ።

ከዚህ የሚብሰውን ልንገራችሁ? ኪሮስ አመሰገነኝ። ያን ሁሉ መንገድ በዚያ ዕድሜዬ ተሸክሜው! ለመጀመሪያ ልጁ የክርስትና አባት ካልሆኑ አለኝ። ሕፃኑን ታቅፌ ቤተ ክርስቲያን ቆምኩ፤ ጣራው ይደረመስብኛል ብዬ ጠበቅሁ። አልተደረመሰም። ከዚያ ወዲህ «አበልጄ» ይለኛል፤ በየበዓሉ የመጀመሪያውን ጉርሻ ለእኔ ነው የሚያጎርሰው። ጉርሻው ጉሮሮዬ ላይ ይቆማል፤ እሱ ውሃ ያቀብለኛል።

እሱ ግን ከሆስፒታል ቤቱ ከገባ ወዲህ መኪና ላይ አልወጣም። ክላክስ በሰማ ቁጥር ያማትባል፤ ላብ ያጠምቀዋል። ያን ቀን የሰማው ሊወስደው የመጣ ሞት እንደነበረና በእኔ ድምፅ እንደተመለሰ ነው የሚያምነው። ገበያ በክራንች ይሄዳል። ጭስ የሌለውን ጉዞ ከሁላችን በላይ የጠበቀው እሱ ሆነ፤ ይህን ቀልድ ለብቻዬ ቀልጄ ለብቻዬ አልቅሼበታለሁ።

ዘንድሮ የቀረችው እግሩ ቆሰለች። የጤና ባለሙያዋ ቶሎ ሰቆጣ ሆስፒታል ካልደረሰ ይቺም ትሄዳለች አለች። አምቡላንስ ሁለት ጊዜ መጥቶ ባዶውን ተመለሰ። ትበርህ ቤቴ ድረስ መጣች። «አባቴ፣ የእርስዎን ቃል አይጥልም። መኪና እንደማይገድል ይንገሩት፤ እባክዎ!»

ሄድኩ። መንገዱን ሙሉ ሌላ ውሸት ስፈልግ ነበር፤ ልማዴ አይደል? አንዳችም አላገኘሁም። መደብ ላይ ተጋድሞ አገኘሁት። «ኪሮስ፣ ያ የሰማኸው መኪና ነበር» አልኩት። ከዚያ ፍራሹንም፣ ፋንድያውንም፣ ሁሉንም። ሚስቱ እየሰማች።

ዱላ ጠብቄ ነበር። እርግማን ጠብቄ ነበር። እሱ ግን መጀመሪያ እንደ ሕፃን ፊቱ በራ፤ «ታዲያ እኔ አላበድኩም ነበር ማለት ነው!» አለ። «እውነተኛ ክላክስ ነበር!» ያን ብርሃን ከምንም በላይ ፈራሁት። ቀስ በቀስ ሲጠፋም አየሁት፤ ነገሩ ወደ ውስጡ ሲወርድ። ከዚያ ወደ ተቆረጠችው እግሩ ለረጅም ጊዜ ተመለከተ።

«ትበርህ፣ መኪናውን ጥሪ» አለ።

አምቡላንሱ ሲመጣ እያማተበ ተሳፈረ። እኔም አጠገቡ ልቀመጥ እግሬን አነሳሁ። በእጁ ከለከለኝ። ድምፁን አላነሳም።

«እርስዎ በእግርዎ ይምጡ» አለኝ።

መጣሁ። በዚህ ዕድሜዬ፣ በዚህ ጉልበቴ፣ አንድ ሌሊት መንገድ ላይ አድሬ መጣሁ። የጭነት መኪና ነጂ ቆሞ «አባቴ ይውጡ» ሲለኝ አመስግኜ አሳለፍኩት። አሁን ይህን የምጽፈው ከሆስፒታሉ በር ውጭ፣ ግንቡ ሥር ተቀምጬ ነው። እግሯ ትትረፍ አትትረፍ ገና አልታወቀም። ትበርህ ውሃ ልትቀዳ ስትወጣ አየችኝ፤ ሰላም አላለችኝም። መድረሴን ግን ሳትነግረው አትቀርም።

መኪናው ነበረ። እኔ የለም አልኩ። ሌላ የምጨምርበት ምክንያት የለኝም። ቢያስገባኝ፣ አልጋው ሥር ወድቄ ይቅርታ እጠይቀዋለሁ። ባያስገባኝም ልክ ነው።