ስሙን ያወጣሁለት ፋይል

እናቴ ማረፏን የነገረኝ ሰው አይደለም፤ የፋይል ስም ነው።

ሐሙስ ጠዋት ኦስሎ ላይ አውቶቡስ ስጠብቅ ከወንድሜ አንድ ፋይል በቴሌግራም መጣልኝ። መክፈት አላስፈለገኝም። በኦሮምኛ «የሞት ምስክር ወረቀት» ይላል፤ ቀጥሎ የእናቴ ስም ከነአባቷ፣ ከነአያቷ። ወዲያው ጠፋ። ጉደር ላለው አጎታችን ሊልክ ሲል ተሳስቶ ነው፤ ሲደነግጥ አጠፋው።

ሁለት ሳምንት ሙሉ «ጸበል ገብታለች፣ ስልክ አትይዝም» ሲሉኝ አምኜ ስጸልይላት ነበር። ለካ እሁድ ከቅዳሴ በኋላ እዚህ ኦስሎ ያለው ደብራችን ሽማግሌዎች ቤቴ መጥተው፣ አስቀምጠው ሊያረዱኝ ተነጋግረዋል። ሰው ብቻውን፣ መንገድ ላይ ቆሞ አይረዳም።

ያን የፋይል ስም ግን የሠራሁት እኔው ነኝ።

ከአገር ሳልወጣ አምቦ አንድ የወሳኝ ኩነት ምዝገባ ቢሮ ውስጥ ስሠራ፣ ሲስተሙ የሚያወጣው ወረቀት ሁሉ «ዶክመንት» እየተባለ ይወርድ ነበር፤ ዶክመንት አንድ፣ ዶክመንት ሁለት። አንድ ቀን ከእጃጂ ለመጣ ሙሽራ በጋብቻው ፈንታ የሌላ ሰው ልጅ የልደት ወረቀት አትሜ ሰጠሁት። በማግሥቱ ተመልሶ መጣ።

«እህቴ፣ ከተጋባን ገና ሳምንታችን ነው እኮ። ልጁን ከየት አመጣችሁልን?»

ቢሮው በሳቅ ሞተ። እኔ ግን አፈርኩ። ትንሽ ኮድ መጻፍ ተምሬ ስለነበር፣ እያንዳንዱ ወረቀት ሲወርድ መጀመሪያ ዓይነቱን፣ ቀጥሎ የባለቤቱን ስም ይዞ እንዲወርድ አደረግሁ። የክፍላችን ኃላፊ፣ ሁላችንም «ኦቦ» ብቻ የምንላቸው አዛውንት፣ መነጽራቸውን ከፍ አድርገው አዩት።

«ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ሰውየውን አስቀድሚ። ወረቀቱ ይከተለው።»

«ኦቦ፣ እንደዚያ ከሆነ ለመፈለግ ያስቸግራል። የሞቱ ከሞት፣ የልደቱ ከልደት ጋር ይደርደር።»

«እሺ፣ አንቺው ታውቂያለሽ» ብለውኝ ሄዱ።

ሰምቻቸው ቢሆን ኖሮ ያን ጠዋት ዓይኔ መጀመሪያ የሚያርፈው ስሟ ላይ ነበር። ለቅጽበት እንኳ፣ ስሟ ላይ ብቻ።

ወንድሜ እንዳያፍር ብዬ ዝም አልኩ። እሁድ ሽማግሌዎቹ ሲመጡ እንዳልሰማ ሰው ተቀምጬ ተረዳሁ። ያለቀስኩት ግን የእውነቴን ነው። አፈሯን ሳልነካ፣ ፍትሐቷን ሳልሰማ ቀረሁ፤ የቆጨኝም ይኸው ነው።

በቀብሯ የነበራችሁ ሁሉ፣ ወንድሜን አትቆጡት። ይልቅስ ድምፃችሁን ቀድታችሁ ላኩልኝ፦ በመጨረሻ ምን አለች? እኔን ጠርታኝ ነበር? ከቤተ ክርስቲያኑ በየት በኩል አረፈች? ስትልኩልኝ ደግሞ አደራችሁን፣ በፋይሉ ላይ ስሟን አስቀድሙ።