በቀይ ክር የታረቁት እናትና ልጅ

አስካለ ሞተች አሉኝ ዛሬ ጠዋት። "ሂዱ ወዲያ!" አልኳቸው። ትናንት አይደል እንዴ ደውላ "አያ ብሩ፣ አንተ ገና አለህ?" ብላ የሳቀችብኝ?

ሐዘኔን በወጉ ሳልጀምር ደግሞ አንዱ እዚህ ፌስቡክ ላይ አናደደኝ። "ፊደል ከማትወድ ጨካኝ እናት አምልጣ የተማረች ጀግና መምህርት" ብሎ ጽፏል። ስንቱ ወዶለታል! ምነው? እናቷን እትየ ጥሩን ከእናንተ ማን ያውቃታል? እኔ አዘዞ ከደጃፏ ልብስ ሰፊ ነበርኩ። የልጅ ልጆቼ "ተው አትጻፍ" ብለውኛል፤ አልሰማቸውም።

እውነት ነው፣ በንጉሡ ዘመን ሊድሯት ሲሉ አስካለ ጠፍታ ጎንደር አክስቷ ዘንድ ተጠጋች፣ ትምህርት ቤትም ገባች። እናት "ስሟን በፊቴ እንዳትጠሩ" አለች። ልጅ ደብዳቤ ትልካለች፤ ሦስት ዓመት ሙሉ መልስ የለም። "ንቃኝ ነው" ትላለች አስካለ።

ንቀት አልነበረም! እትየ ጥሩ የመሪጌታ ልጅ ናት፤ ዳዊት ትደግማለች፣ ያገኘችውን ሁሉ ታነባለች። መጻፍ ግን ማንም አላስተማራትም። ያኔ ንባብ ሌላ፣ ጽሕፈት ሌላ ነበር።

"ላስጽፍልሽ?" ብላት፣

"ለልጄ በሰው እጅ? ዞር በል!"

ይህን እናት አትናገር፣ እኔንም አታናግር፣ ልጅ አታውቅ። ሁለት ግትር!

አንድ ቅዳሜ ጨርቅ ልገዛ ጎንደር ስወጣ አስካለ ልብ ወለድ አስያዘችኝ። "ስጣት። ካልፈለገች እሳት ታንድድበት።"

እትየ ጥሩ ገረመመችኝ፣ ተቀበለችኝ። በሳምንቱ "ቀይ ክር አምጣ" አለች።

"ምን ልትሰፊበት?"

"አፍህን!"

መጽሐፉን መልሼ ወሰድኩ። አስካለ ስትገልጠው አንዱ ገጽ ጠርዙ ላይ ቀይ ክር ተሰፍቶበታል። አያቷ መሪጌታው ዳዊታቸው ላይ እንዳይታለፍ የሚሹትን ቦታ እንዲያ ነበር የሚያመለክቱት። በገጹ አንዲት እናት፣ የሄደች ልጇን በር ከፍታ ትጠብቃለች።

አስካለ እዚያው ቁጭ ብላ አለቀሰች። በማግስቱ አዘዞ መጣች።

የተቃቀፉ መሰላችሁ? እናት ከደጅ "ያችን እናት ልጇ ሳትደርስ ምነው ገደላት ይሄ ደራሲ?" ብላ ጮኸች።

"እኔም አንጀቴ አሯል፣ እምየ!"

እስኪመሽ ደራሲውን ሲረግሙ ዋሉ። ከዚያ ወዲያ እትየ ጥሩ እስክታርፍ መጽሐፍ በመካከላቸው ሲመላለስ ኖረ፤ ክሩም ከእኔ ቤት።

እና ዛሬ "ጨካኝ እናት"? አስካለ ዕድሜ ልኳን "ሳትጨርስ አትፍረድ!" እያለች ያስተማረችው ላንተ ዓይነቱ ነበር። የጻፍከውን አጥፋው፣ አሁኑኑ!

አስካለ፣ አንቺ ግትር፣ ደኅና ግቢ። እናትሽ በሩን ከፍታ እየጠበቀችሽ ነው። አውቃለሁ፤ ክሩን ያቀበልኳት እኔ ነኝ።