ሞተር የማያጠፋው ሮስኮ

እስካለፈው በጋ ድረስ ሮስኮ ታልማንን ፍሊንት ከተማ ውስጥ መኪናውን አቁሞ ያየው ሰው የለም። ቅዳሜ ማታ እኛ የድሮ መኪና ወዳጆች አንድ ሀምበርገር ቤት ግቢ ውስጥ መኪናችንን ደርድረን፣ ኮፈን ከፍተን ስናወራ፣ እሱ አረንጓዴ ባለ ስምንት ሲሊንደር መኪናውን እያስጓራ በዙሪያችን ይዞራል። ይዞራል፣ ይዞራል!

"ኧረ ውረድ ሰውዬ! ወንበሩ ላይ ተሰፋህ እንዴ?" እንለዋለን። እጁን አወዛውዞ ያልፋል።

ጎረቤቱ ስለሆንኩ ሚስጥሩን አውቃለሁ። መኪናዋ ግላ ከጠፋች፣ እስክትቀዘቅዝ አትነሳም። ቁልፉን ሲያዞረው "ጠቅ" ትልና ዝም። አንዴ ማደያ ውስጥ፣ ከኋላው ሰው ተሰልፎ፣ እንደዛ አዋረደችው። ከዛ ወዲህ ነዳጅ እንኳን በጀሪካን እቤቱ አምጥቶ ነው የሚሞላው።

ሰው ሁሉ ይጠይቀዋል፤ "ሞተሯ የራሷ ነው? ስንት ትበላለች? አትሸጣትም?" የሱ ጥያቄ ግን አንድ ነው፤ ስትግል ለምን አትነሳም? እኔም ያገኘሁትን ሰው ሁሉ ጠየቅኩለት። አንዱ ሽማግሌ፣ ቤንዚኑ ቱቦው ውስጥ እየፈላ ነው፣ የልብስ መቆንጠጫ ስካበት፣ ሙቀቱን ይመጥለታል አለ። እዚህ የድሮ ሰዎች ሁሉ የሚያደርጉት ነው። የእንጨት መቆንጠጫ ደረደርንበት፣ ሞተሩ ልብስ የሚሰጣበት መሰለ! አልሰራም። ባትሪ ቀየርን፣ አልሰራም። በመጨረሻ ስሯ ገብቼ ሳይ፣ ድምፅ እንዲጨምርለት ብሎ ያስገጠመው ወፍራም የጭስ ቱቦ ሞተሩን የሚያስነሳውን ሞተሪኖ ሊስመው ደርሷል። ለካ እሱ ነው የሚጠብሰው!

"የድሮውን ቱቦ መልስ፣ ትድናለች" አልኩት።

"ድምጿስ?"

"ይቀንሳላ።"

"አልመልስም። ልጄ አባቷ መምጣቱን በዚህ ድምፅ እያወቀች ነው ያደገችው።"

ልጁ ዴልፊን ደሞ ለሰርጓ ካለዚች መኪና አልሄድም አለች። ሮስኮ እንቅልፍ አጣ። ቤተክርስቲያኑ በር ላይ ካጠፋት፣ ሙሽሮቹን ይዛ አትነሳም። ሳያጠፋ ቢያቆማት ውሃዋ ይፈላል። ካላቆማት ደሞ፣ ልጁን ማን ይዟት ይግባ?

የሰርጉ ቀን እኔ ኋላ ወንበር ላይ አበባ አቅፌ ተጣጥፌያለሁ። ሮስኮ ቤተክርስቲያኑን ዞረው። ደገመው። ላቡ ኮሌታው ውስጥ ይንቆረቆራል።

"አባዬ! ሰውዬው ሌላ ሳያገባ አውርደኝ እንጂ!" አለች ዴልፊን።

"አንዴ ብቻ፣ ትንሽ ትቀዝቅዝ..."

"እየነዳሃት ነው የምትቀዘቅዘው?"

"ካጠፋኋት አትነሳም፣ የኔ ልጅ። ሰው ሁሉ ፊት ታዋርድሻለች።"

"ታዲያ ትገተር! እኔ አንተን ነው የምፈልገው።"

ቆመ። ቁልፉን ሲያጠፋው ጆሮዬ ጭር አለ። ልጁን ክንዷን ይዞ፣ ወደ ኋላ እየተገላመጠ ገባ።

ሲወጡ ያው "ጠቅ"። ሰው ሳቀ። ሮስኮ ቲማቲም መሰለ። "ፍሪሲዮን ርገጥ፣ ሁለተኛ ማርሽ አስገባ!" ብዬ ከኋላ መግፋት ጀመርኩ። ሙሽራው ዘሎ ወርዶ አገዘኝ፣ ሚዜዎቹም ተደረቡ። አጓራች! ጭሷን ፊታችን ላይ ተፍታ፣ ሙሽራውን እዛው ትታ ሄደች። ምስኪኑ በሱፍ ልብሱ መንገዱ ጥግ ድረስ ሮጦ ነው የደረሰባት።

ግብዣው አዳራሽ ስንደርስ ሮስኮ ግቢውን አንዴ ዞረና ራሱ አጠፋት።

አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ አጠገባችን ያቆማታል። ወርዶ ያወራል፣ ሀምበርገሩን ይበላል። ስንበታተን ሁላችንም እንገፋዋለን። የጭስ ቱቦውን እንደሆነ እስካሁን አልቀየረውም።